ጅቡ በማን ድምፅ ይናገር?

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሥራ አምሽታ ስለምትመለስ ማታ ማታ ከእኔና ከአያቷ ጋር ትቆያለች። እራት ማብላቱ የእናቴ ሥራ ነው፤ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ የእኔ። የእኔ ሥራ መጽሐፍ ማንበብ ነው። ማንበብ ስላችሁ ግን እናንተ አሁን ይህን ጽሑፍ እንደምታነቡት ዝም ብሎ ማንበብ አይደለም። አንበሳውን ሆኜ፣ ጦጣዋን ሆኜ፣ አህያዋን ሆኜ ነው። ድምፄን ካልቀየርኩ መጽሐፉን ከእጄ ትነጥቀኛለች። «አጎቴ፣ እሱ እኮ ጅብ ነው! እንደ ጅብ አውራ!»

ጅብ እንዴት ነው የሚያወራው? ይሄ ጥያቄ ቤታችን ያመጣውን ጣጣ ልንገራችሁ።

ሲጀመር እንዲህ አልነበርኩም። የመጀመሪያውን የሥዕል መጽሐፍ ከአራት ኪሎ ገዝቼ የመጣሁ ቀን ያነበብኩላት እንደ ዜና አንባቢ ነበር። ቀጥ ብዬ፣ አራት ነጥብ ላይ ቆም እያልኩ፣ ሁሉንም በአንድ ድምፅ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀና ስል ልጅቷ የለችም። ስልኬን ይዛ ሶፋው ጀርባ ገብታ ዩቲዩብ ከፍታለች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን ያን ንባብ አላዳምጥም።

ያዳነኝ ጉንፋን ነው። አንድ ማታ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ድምፄ ጎርንኖ እያለ መጽሐፉን ይዛ መጣች። አልችልም ብላት አልሰማ አለች። አንበሳው የሚናገርበት ገጽ ላይ ስንደርስ ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ እኔንም አስደነገጠኝ። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ ጠጋ ብላ እጄን ያዘች። «ድገመው» አለች። አሥር ጊዜ ሳልደግመው አልቀረሁም። ከቀናት በኋላ ጉንፋኑ ለቀቀኝ፤ ሥራው ግን አልለቀቀኝም።

የቀረውን በሙከራ ተማርኩት። ትወና አልተማርኩም፣ ድምፄም ልዩ አይደለም። ግን ድምፅ መቀየር ከሚመስለው ይቀላል፤ ዋናው ነገር ፍጥነቱና ከፍታው ነው። ኤሊን ከፈለጋችሁ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ውሰዱ። ዝሆንን ከፈለጋችሁ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ሳብ አድርጋችሁ ከሆድ ተናገሩ። ጦጣ ማረፍ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የእኔዋ ጦጣ የታክሲ ረዳት ናት፣ አንዱን ቃል ሦስቴ ነው የምትጠራው። ጉጉቷ ደግሞ ደውላችሁ የማይነሣ ጊዜ የምትመልሰዋ የስልክ ሴትዮ ናት፤ ጨዋ፣ ረጋ ያለች፣ ምንም የማትጠቅም። አይጥ ሹክሹክታ ናት። አይጥ ስትናገር ልጅ ለመስማት ይጠጋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ለማስተኛት ከአይጥ የተሻለ ገጸ ባሕርይ አላገኘሁም።

አንድ ሕግ ግን አለ፤ የሰጣችሁትን ድምፅ እንዳትረሱ። አንድ ማታ የአህያዋን ድምፅ ለጦጣዋ ሰጠሁና ንባቡ ቆመ። «እሷ አህያ አይደለችም!» ተባልኩ። ወደ ኋላ ተመልሰን ገጹን እንደገና አነበብነው። ማንበብ የማትችል ልጅ እኔን ታርማለች! ለካ እሷ ታሪኩን የምትከታተለው በድምፅ ነው። ማን እንደተናገረ የምታውቀው «አለች ጦጣ» ከሚለው ሳይሆን ከጦጣዋ ድምፅ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ምንም ያህል እንስሳ ቢኖረው ሦስት ወይም አራት ድምፅ ብቻ ይዤ ሌላውን በራሴ ነው የማነበው። ከዚያ በላይ እኔም አላስታውሰውም።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደላችን ቃሉ ይጥበቅ ይላላ አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ግን አንድ ነገር መኖሩን ይነግረናል። በልቤ ሳነብ ዓይኔ ወደ ፊት ስለሚሮጥ አይታወቀኝም። ጮክ ብዬ ሳነብ ግን አፌ ቀድሞ ይወስናል። አህያዋ በሩን ከፍታ «እንግዳ አለ» የምትልበት ቦታ ላይ «አለ»ን አላልቼ አነበብኩት፤ ልጅቷ እንግዳው ምን እንዳለ ለመስማት ጠበቀች።

«ምን አለ?»

«ኧረ ምንም አላለም። እንግዳ መጥቷል ለማለት ነው።»

ይህን «አለ» ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ልጅ እያለሁ ይህን ሥራ ለመላው አገር ይሠሩ የነበሩት አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ከቴሌቪዥኑ በፊት የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ሳውቅም ብዙ አልገረመኝም። ስክሪኑ ላይ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ እኛ ግን የምናየው ጫካውን ነበር።

ወደ ጅቡ ልመለስ። ልጅቷ አብዝታ የምትወደው መጽሐፍ የሚነሣው ሁላችሁም ከምታውቁት አባባል ነው፤ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ከሚለው። ጅቡ ከሩቅ ይመጣል፣ አህያዋ ቤት ያርፋል፣ እንደ ጌታ ይንጠባረራል፣ ቁርበት ይነጠፍልኝ ይላል። ሌሊት ታዲያ የተነጠፈለትን ቁርበት መብላት ይጀምራል። ለዚህ ጅብ ጎርናና ድምፅ ሞከርኩ፤ ከአንበሳው ጋር ተመሳሰለብኝ። ቀጭን ሞከርኩ፤ አላሳቀም። ከዚያ ሳላስበው አንድ አክሰንት ከአፌ ወጣ፤ የጉራጌ ሰው አማርኛ።

ልጅቷ በሳቅ ሞተች።

ሳላስበው ያልኩት እውነት ነው? ግማሹ። የት እንደተማርኩት አውቃለሁ። በቀልድ ሲዲ፣ በድራማ፣ በትምህርት ቤት፣ አሁን ደግሞ በቲክቶክ። አንድ ቀልደኛ አክሰንት ካወጣ ቀልዱ ሳይጀመር ሰው መሳቅ ይጀምራል። ብር የሚቆጥረው ነጋዴ፣ ከገጠር የመጣው ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛዋ፤ ሁሉም የተመደበላቸው አነጋገር አለ። ማን እንደመደበላቸው አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን በቃላችን እናውቀዋለን።

ግማሹን የተውኩት እናቴ ጉራጌ ስለሆነች ነው። ቸሃ ናት። እምድብር አካባቢ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን ትዳር ይዛ አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ የለመደች። ጅቡን በዚያ ድምፅ ያነበብኩ ማታ እሷ ኩሽና ነበረች። እና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር ያነበብኩት። ዝቅ ማድረጌን ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

በቸሃ እንደ አማርኛ ማጥበቅ የለም። ስለዚህ እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት አማርኛ ተናግራም «አለ» አፏ ላይ አይጠብቅም። ልጆች እያለን «ምሳ አለ» ብላ ስትጠራን እኔና እህቴ «ምሳ ምን አለ?» እያልን እንመልስላት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር። ቢያንስ ለእኛ እንደዚያ ነበር የሚመስለን።

ቅዳሜ ቀን ነው። የጎረቤት ልጅ መጥታ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ኑ፣ ምሳ አለ» ብላ ጠራቻቸው። የእህቴ ልጅ ወደ ጓደኛዋ ዞር አለች፤ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው፣ በኩራት።

«ሰማሽ? እማማ እኮ እንደ ጅቡ ነው የምታወራው!»

ከዚያ ደገመችው። በጅቡ ድምፅ፣ ማለትም በእኔ ድምፅ፤ «ምሳ አለ»።

ክፋት የለባትም። እኔ ድምፁን ከገጸ ባሕርዩ ጋር አዛምጂ ብዬ ለወራት አስተማርኳት፤ እሷም አዛመደችው። እናቴ ሳቀች። «እሰይ! ደግሞ ጅብ አደረግሽኝ?» ብላ ምሳውን አቀረበች። እኔን አላየችኝም፤ ማን እንዳስተማራት ግን መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷን በእኔ በኩል ማናገር ጀመረች። «ብይ በላት።» «እጇን ትታጠብ በላት።» ከዘመድ ጋር በጉራጊኛ ስታወራ ድሮ ሳሎን ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን ለቅቃ ነበር። አሁን ስልኩ ሲጠራ ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንቅልፍ ሲነሳኝ ስልኬን ይዤ ስለ አክሰንትና ስለ ልጆች ማንበብ ጀመርኩ። የእኛ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑ መጀመሪያ አጽናናኝ፤ ቀጥሎ አናደደኝ። «ላየን ኪንግ»ን አስቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን። ሙፋሳና ስካር ወንድማማቾች ናቸው፣ አንድ ድንጋይ ላይ ያደጉ። ሙፋሳ በአሜሪካዊው ጄምስ ኤርል ጆንስ ድምፅ ይናገራል፤ ወንድሙን የሚገድለው ስካር ግን በጄረሚ አይረንስ የእንግሊዝ አክሰንት። ጅቦቹስ? ሁለቱን የሠሩት ዉፒ ጎልድበርግና ቺች ማሪን ናቸው፤ አነጋገራቸው የከተማ ጥቁሮችንና የላቲኖዎችን ይመስላል ተብሎ ዲዝኒ ተወቅሷል። እዚያም አገር ጅብ የሌላ ሰፈር ሰው ነው ማለት ነው!

ሮዚና ሊፒ-ግሪን የተባሉ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ 24 የዲዝኒ የካርቱን ፊልሞችን ወስደው የ371 ገጸ ባሕርያትን አነጋገር ከባሕርያቸው ጋር አስተያይተዋል። እንግሊዝኛን በውጭ ሰው አክሰንት ከሚናገሩት መካከል ክፉ ሆነው የተሣሉት ድርሻ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሚናገሩት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ገደማ ነበር። ምሁሯ የሚጠቅሱት አንድ የቆየ ፊልም አለ፤ የ1933ቱ «ሦስቱ ትናንሽ አሳማዎች»። በመጀመሪያው ቅጂ ተኩላው አሳማዎቹን ለማታለል በር ሲያንኳኳ የይዲሽ አክሰንት ያለው አይሁዳዊ ሱቅ በደረቴ መስሎ ነው። ዲዝኒ በኋላ ቀየረው።

ሱቅ በደረቴ። እዚህ ላይ ስልኬን አስቀመጥኩት። አባቴ አዲስ አበባ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ሱቅ በደረቴ ነበር።

ለጓደኛዬ ስነግረው «አታካብድ፣ ቀልድ ነው» አለኝ። ቀልድማ ነው። ያሳሰበኝም ቀልድ መሆኑ ነው። ልጅ ምክር ይረሳል፤ ያሳቀውን አይረሳም። ደግሞ አክሰንት ጭራሽ ይቅር ከሚሉትም ጋር አልስማማም። እንስሳው ሁሉ የዜና አማርኛ ካወራ ያው የመጀመሪያ ቀን ንባቤ ሆነ፤ ልጅቷ ሶፋው ጀርባ ትገባለች። የጁሊያ ዶናልድሰን «ግራፈሎ» የሚባል ታዋቂ የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አለ። ስኮትላንድ ውስጥ በስኮትስ ታትሟል፤ አልፎም በደንዲ፣ በግላስጎው፣ በኦርክኒና በሼትላንድ አነጋገር። እዚያ ብልጧ አይጥም፣ ሞኙ አውሬም፣ ተራኪውም የሚናገሩት በአንድ የአገሬው አነጋገር ነው፤ ማንም በአፉ ተለይቶ አይሳቅበትም። የእኔ ጥፋት አክሰንቱን ማውጣቴ አልነበረም። ከስድስት እንስሳት መካከል ለአንዱ፣ ለዚያውም ለሆዳሙ ውሸታም፣ መስጠቴ ነው። ብልጧ ጦጣ በእናቴ አነጋገር ተናግራ አታውቅም። እንድትናገር አስቤም አላውቅም።

እኛ ቤት ይቅርታ በአፍ አይባልም፤ አንድ ነገር ይዞ ጠጋ ይባላል። እኔም መጽሐፉን ይዤ ጠጋ አልኩ። እናቴ ፊደል ትለያለች፣ ለማንበብ ግን ጊዜ ይወስድባታል፤ ለዚህ ነው ንባቡ የእኔ ሥራ የሆነው።

«እማዬ፣ ዛሬ አንቺ ንገሪያት።»

«እኔ መቼ አነባለሁ?»

«ሥዕሉን እያየሽ ንገሪያት። ተረቱን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

መጽሐፉን ተቀብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ልጅቷ ጎኗ ተሸጎጠች። እናቴ የጅቡን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ነው እንደ እኔ የሚያወራው?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም።

«እማዬ፣ እሱ እኮ...»

«ቆይ። ይሄ የማያውቁት አገር ሄዶ ጌታ ነኝ የሚል ነው። ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል! እኔ እዚህ አገር ስመጣ ማንን ነው አንጥፉልኝ ያልኩት? ራሴ ነኝ ያነጠፍኩት።»

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም። ወደ ልጅቷ ዞር ብላ ጀመረች። አህያዋን በራሷ ድምፅ፣ በራሷ አማርኛ ነገረቻት፤ ደግ፣ ቤቷ የሞላ፣ እንግዳ የምትወድ አህያ። ጅቡ ሊመጣ ሲል ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ አንድ ትከሻዋን ጣል አደረገች፣ እጇን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«አቤት ብሮ! የት ናችሁ? እኔ መጥቻለሁ። በቃ ቁርበት ምናምን አዘጋጁ። ሲሪየስሊ!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሰከንድ ወሰደብኝ። ልጅቷ ቀደመችኝ። «አጎቴ ነው! ጅቡ አጎቴ ነው!» ብላ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። እኔም ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን ሞቆኛል። እንደዚህ ነው እንዴ የማወራው? «ምናምን»ን ያን ያህል አበዛለሁ? በማግስቱ ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ሳወራ ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ ከንፈሯን ይዛ ስትስቅ አገኘኋት፤ ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮው ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ጅቡ የእናቴ ሆኖ ቀረ። ጦጣዋን፣ አንበሳውንና ጉጉቷን ለእኔ ትተውልኛል። ጦጣዋ አሁንም የታክሲ ረዳት ናት፤ እናቴ ግን ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች፣ እኔም የረዳቱ ልጅ ቢሰማኝ ምን ይል ይሆን ማለት ጀምሬያለሁ። ስልኳ ሲጠራ አንዳንዴ ሳሎን ተቀምጣ ታነሣለች። አንዳንዴ።

ትናንት ማታ ያንኑ መጽሐፍ አምጥታ አያቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። እናቴ እየነገረቻት አህያዋ በሩን ከፍታ ወደ ውጭ የምታይበት ሥዕል ላይ ደረሱ።

«እንግዳ አለ» አለች እናቴ፤ እንደ ልማዷ፣ አላልታ።

«ምን አለ?» አለች ልጅቷ።

እናቴ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ልጅቷን።

«ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።»